በሥዕል የተጌጡ የወታደሮች ፖስታዎች

በአሜሪካ አገር የሰሜንና የደቡብ ሰዎች በባርነት ምክንያት ተጣልተው፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1861 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር ጦርነት ገጠሙ። ጦርነቱም አራት ዓመት ቈየ። ከዚያ በፊት ከእርሻው ወይም ከሱቁ ርቆ የማያውቅ ብዙ ወጣት በጦር ሰፈር ሆኖ ወደ ቤቱ ይጽፍ ነበረ። አታሚዎችም ይህን አይተው የደብዳቤውን ፖስታ በሥዕል እያስጌጡ ይሸጡ ጀመር። ሥዕሉ ብዙውን ጊዜ በፖስታው ግራ ወገን ይታተማል፤ ቀኙ ግን ለቴምብርና ለአድራሻ ይተዋል። ሰንደቅ ዓላማ፥ ክንፉን የዘረጋ ንስር፥ በሴት አምሳል የተሣለች ነፃነት፥ የጆርጅ ዋሽንግተን መልክ እጅግ የተለመዱ ነበሩ። የዓይነታቸውም ብዛት በብዙ ሺሕ ይቈጠራል።

የሰሙት ወሬ ሁሉ ወዲያው ሥዕል ይሆን ነበረ። በሜይ 24 ቀን 1861 ኮሎኔል ኤልመር ኤልስወርዝ፥ በቨርጂኒያ ባለችው በአሌክሳንድሪያ ከተማ፥ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ላይ የተሰቀለውን የደቡብ ሰንደቅ ዓላማ አውርዶ ደረጃውን ሲወርድ የቤቱ ጌታ በጥይት ገደለው። ከዚህ በኋላ የኮሎኔሉ መልክ በብዙ ፖስታ ላይ ታተመ።

የደቡብ ሰዎችም የራሳቸውን ሰንደቅ ዓላማ አተሙ፤ ነገር ግን ጦርነቱ ሲረዝም ወረቀት ስለ ጠፋባቸው አሮጌውን ፖስታ ገልብጠው ሁለተኛ ይልኩበት፥ ከግድግዳ ወረቀትም ቈርጠው ይሠሩ ነበረ። ይህን ምስኪን ፖስታ ከሚያምረው አብልጦ የሚወድ ሰብሳቢ አለ፤ ፍርዱም መልካም ነው።

ከሰሜኖቹ ፖስታዎች መካከል ደግሞ ለማየት የሚያሳፍሩ አሉ። በዚያው በሜይ ወር በባርነት የነበሩ ሦስት ሰዎች ሸሽተው ወደ ሞንሮ ምሽግ ቢገቡ፥ ጄኔራል ቤንጃሚን በትለር ለጌታቸው አልመልስም አለ። ሌሎችም ብዙዎች ተከተሏቸው። አታሚዎች ግን የሸሹትን ሰዎች መልክ አጣመው እየሣሉ መሣቂያ አደረጓቸው። እንዲህ ያለውን ፖስታ ከመዝገቡ አውጥቶ የሚጥል ሰብሳቢ ስብስቡን ያሳምራል እንጂ የዘመኑን እውነት አይጠብቅም።

ገና ጦርነቱ ሳያልቅ ብዙ ሰዎች አዲሱን ፖስታ እየገዙ፥ ምንም ሳይጽፉበት በመዝገብ ይለጥፉት ነበረ። ስለዚህ ንጹሑ ፖስታ ዛሬም ብዙ ነው። በእውነት ከጦር ሰፈር የተላከው ግን ከእርሱ ያነሰ ነው፤ የሚናገረውም ይበልጣል። በጁላይ 1861 በወጣው ሕግ ቴምብር ያጣ ወታደር በፖስታው ላይ «የወታደር ደብዳቤ» ብሎ ጽፎ፥ አለቃውም ፈርሞበት፥ ሳይከፍል እንዲልክ ተፈቀደለት፤ ሦስቱን ሣንቲም ተቀባዩ ይከፍላል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያለበት ፖስታ የልጅን ወሬ ለመስማት እናት ወይም አባት ዋጋውን የከፈሉበት ነው።

ከዚህ በኋላ የመጡ ቴምብር ሰብሳቢዎች ቴምብሩን ብቻ ቈርጠው ፖስታውን ጣሉት፤ ሥዕሉን የወደዱትም ፖስታውን ይዘው ደብዳቤውን ጣሉ። በዚያን ጊዜ ግን በብዙ ከተማ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ወሩንና ቀኑን እንጂ ዓመቱን አያሳይም ነበረ። ዓመቱ የሚገኘው በውስጥ ካለው ደብዳቤ ራስጌ ነው። ደብዳቤው ከጠፋ ልጁ በጦርነቱ መጀመሪያ ወይም በፍጻሜው እንደ ጻፈ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ያስቸግራል።