ለዓይነ ስውራን የኮምፒዩተር ድምፅ ማን ይምረጥ? እንዴትስ ይመረጣል?



በካምፓችን ዓይነ ስውራን ወንድሞችና እኅቶች በኮምፒዩተር መማር ከጀመሩ ወዲህ ብዙ ወላጆች «ልጄ ስክሪኑን ሳያይ እንዴት ያነባል?» እያሉ ይጠይቁናል። በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ወደ ንግግር የሚለውጥ ፕሮግራም አለ። ተማሪው በኪቦርዱ ያዛል፣ ፕሮግራሙ ያነብለታል። ነገር ግን ፕሮግራሙ መኖሩ ብቻ አይበቃም። የሚያነበው ድምፅ ለተጠቃሚው የሚስማማ መሆን አለበት። በዚህ ረገድ እኛ መምህራን የፈጸምነው ስሕተት ስላለ፣ ከእርሱ የተማርነውን ለእናንተ ማካፈል ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ለአንድ ተማሪያችን ፕሮግራሙን ያስገባንለት ፈተና ሲቃረብ ነበር። አብሮት የመጣውን ድምፅ ስንሰማ «ይህማ ቆርቆሮ ሲፋቅ ይመስላል» ብለን የሰው ድምፅ የሚመስል ለስላሳ ድምፅ መረጥንለት። እርሱን ግን አልጠየቅነውም። በሙከራ ፈተናው ጓደኞቹ ሲጨርሱ እርሱ ገና በግማሹ ላይ ነበር። እኛም አላጠናም ብለን ደመደምን። ኋላ ብንጠይቀው «መልሱን አውቀዋለሁ። ድምፁ ግን ቁልፍ በተጫንኩ ቁጥር ይዘገይብኛል፣ ሳፈጥነው ደግሞ ቃላቱን ይውጣቸዋል» አለን። ያንን «ቆርቆሮ» ድምፅ መልሰን ብንሰጠው በሚቀጥለው ሙከራ በሰዓቱ ጨረሰ። ከመምህሩ ደቀ መዝሙሩ ማለት ይህ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አንዳንድ ድምፆች የሚሠሩት ከሰው ከተቀዳ ንግግር ነው። ለጆሮ ያምራሉ፣ ብዙዎቹ ግን ለመጀመር ይዘገያሉ፣ ሲፈጥኑም ይደበዝዛሉ። ሌሎቹን ኮምፒዩተሩ ራሱ በደንብና በሒሳብ ይፈጥራቸዋል። ሻካራ ቢሆኑም ቶሎ ይመልሳሉ፣ እጅግ ሲፈጥኑም እያንዳንዱ ፊደል ይሰማል። በእንግሊዝኛ ተራ ንግግር በደቂቃ 150 ቃላት ያህል ሲሆን፣ የለመዱ ዓይነ ስውራን ከ300 በላይ እየሰሙ ይሠራሉ። ስለዚህ እኛ ለአምስት ደቂቃ ሰምተን የወደድነው ድምፅ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራበት ሰው እንቅፋት ሊሆን ይችላል።

በነፃ ከሚገኙት ፕሮግራሞች የታወቀው ኤንቪዲኤ ነው። ሁለት ዓይነ ስውራን አውስትራሊያውያን፣ ማይክል ከራንና ጄምስ ቴ፣ በ2006 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የጀመሩት ሥራ ነው። ኢስፒክ የሚባለው ድምፅ አብሮት ይመጣል። ኢስፒክ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ በአሮጌ ኮምፒዩተርም ላይ አይከብድም። እንግሊዝኛ፣ ስዋሂሊና አማርኛም ያነባል።

ድምፅ በሚመረጥበት ጊዜ የሚከተሉትን መመልከት ይጠቅማል።

1ኛ/ መራጩ ተጠቃሚው ራሱ ይሁን። ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና «ቪ» የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ቢጫን የድምፅ ምርጫው ይከፈትለታል።

2ኛ/ በሚያምር ዓረፍተ ነገር ሳይሆን በሚያሳስት ይፈተን። በእንግሊዝኛ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ»፣ እንዲሁም «ቢ»፣ «ዲ» እና «ፒ» ተለይተው ይሰማሉ ወይ? በአማርኛስ «ተ» እና «ጠ»፣ «ከ» እና «ቀ» ይለያሉ ወይ? በሒሳብ ፈተና አንድ ቁጥር መሳት መልሱን ሁሉ ያበላሻል።

3ኛ/ መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያም በፍጥነት ይሰማ። ጀማሪ በዝግታ ይጀምርና በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨምር።

4ኛ/ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሰዓት ይሠራበት። ጆሮን የሚያደክም ድምፅ በአምስት ደቂቃ አይታወቅም።

5ኛ/ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ድምፅ ይኑር። የእንግሊዝኛ ድምፅ የአማርኛ ፊደል ሲያጋጥመው ወይ ዝም ይላል ወይም የማይገባ ነገር ያነባል። ይህ የፕሮግራሙ ጠባይ እንጂ የተማሪው ጥፋት አይደለም።

በአማርኛ በኩል አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «ይበላል» የሚለው ጽሑፍ ሰውዬው ምግብ ይበላል ወይስ ምግቡ ይበላል? «ገና» ሲባል በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው? እኛ ከዓረፍተ ነገሩ እንረዳዋለን፣ ማሽኑ ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ማይክሮሶፍት አምሃና መቅደስ የሚባሉ የተሻሉ የአማርኛ ድምፆች አሉት። ሆኖም የሚሠሩት በኢንተርኔት ስለሆነ ረጅም ጽሑፍ ለማዳመጥ እንጂ በየቁልፉ መልስ ለሚፈልግ ሥራ አይመቹም። በመሆኑም አንዱን ለንባብ፣ ሌላውን ለሥራ መያዝ ይቻላል።

ኮምፒዩተሮቻችን የጋራ ስለሆኑ አንዱ ያስተካከለውን ሌላው ይለውጠዋል። ለዚህም መፍትሔ አለው። ኤንቪዲኤን ከነምርጫው በፍላሽ ላይ መያዝ ይቻላል። ተማሪው ፍላሹን በሌላ የዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ ፕሮግራሙን ሲከፍት የለመደውን ድምፅና ፍጥነት ያገኛል። የጆሮ ማዳመጫም ያስፈልገዋል። በክፍል ውስጥ በአንድ ጆሮው ኮምፒዩተሩን፣ በሌላው መምህሩን እንዲሰማ እንመክራለን።

በመጨረሻም ወላጆችንና መምህራን ባልደረቦቻችንን የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። ልጁ በኮምፒዩተር ሲሠራ ወደ ኋላ ከቀረ፣ ሰነፍ ነው ከማለታችሁ በፊት ድምፁ ይስማማው እንደሆነ ጠይቁት። እኛ ሳንጠይቅ ፈርደንበት ነበር። ድምፁ ለእናንተ ጆሮ ቢያስቀይምም እርሱ ከመረጠው ተዉለት፤ የሚያነብበት እርሱ ነውና።