የስክሪን ላይ ማዞሪያ ስንት ያስወጣል?

አንድ ወዳጄ ባለፈው ክረምት ጥሩ የሚባል ሥራ አግኝቶ ነበር፡፡ ውጭ አገር ያለ ደንበኛ በድረ ገጽ ላይ የሚሠራ የድምፅ ማቀላቀያ እንዲሠራለት በቁርጥ ዋጋ ተዋዋለው፡፡ ድምፅ የሚጨምርና የሚቀንስ፣ ወፍራሙን ከቀጭኑ የሚለይ፣ ለግራና ለቀኝ የሚያከፋፍል፣ በአጠቃላይ ሠላሳ የሚሆኑ ማዞሪያዎች አሉበት፡፡ ወዳጄ ማዞሪያዎቹን የአንድ ቀን ሥራ ብሎ ገመታቸው፡፡ ክብ ሥሎ ማሽከርከር ምን ይከብዳል? ሥዕሉ እውነትም በአንድ ቀን አለቀ፡፡ ቀሪው ክፍያ ግን ማዞሪያው እንደ ማዞሪያ እስኪሠራ ድረስ ተብሎ ለሦስት ሳምንታት ተያዘበት፡፡

ነገሩን ሲያጫውተኝ ሳቅሁ፡፡ የሬዲዮ ማዞሪያ የማያውቅ ማን አለ? ወዳጄ ላፕቶፑን ከፍቶ እስኪ አንተ ሞክረው አለኝ፡፡ ድምፁን ትንሽ ልቀንስ ብዬ በማውስ ይዤ ሳዞረው ወደ ታች ወረደ፣ ወረደ፣ ከዜሮ አለፈና በአንድ ጊዜ ጫፍ ላይ ወጣ፡፡ ድምፅ ማጉያው ጮኸ፤ ከጎናችን ቡና የሚጠጡ ሰዎች ዞረው አዩን፡፡ ከዚያ በኋላ አልሳቅሁም፡፡

እውነተኛውን ማዞሪያ እጅ ሳያይ ያውቀዋል፡፡ ሁለት ጣት ይጨብጠዋል፣ ክብደቱ ይሰማል፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ብረቱ ያቆመዋል፡፡ ስክሪን ላይ ያለው ግን ሥዕል ነው፡፡ ጣት ሳይሆን የማውስ ቀስት ነው የሚነካው፤ ቀስት ደግሞ አንድ ነጥብ ነው፣ አይጨብጥም፡፡ የሚያቆም ብረትም የለም፡፡ ፕሮግራም ጸሐፊው መቆሚያውን ካልጻፈው፣ እጅ ሥዕሉን ዙሪያውን ሲያዞር ከዜሮ ወደ ጫፍ ይዘልላል፡፡

ታዲያ ለምን ይሣላል? አንዱ ምክንያት ትዝታ ነው፡፡ ፕሮፔለርሄድ የተባለው የስዊድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሪበርዝ የሚባለውን ሶፍትዌር ሲያወጣ፣ የጃፓኑ ሮላንድ በ1980ዎቹ የሠራቸውን የሙዚቃ ማሽኖች ከነማዞሪያቸው ነበር ስክሪን ላይ ያስቀመጠው፡፡ ከማሽኖቹ አንዱ፣ ቲቢ 303 የሚባለው፣ በጊዜው ገበያ አጥቶ ምርቱ የተቋረጠ ነው፡፡ በኋላ የዳንስ ሙዚቀኞች ወደዱትና የአሮጌው ዋጋ ሰማይ ወጣ፡፡ ማሽኑን ለመግዛት አቅም ያጠረው ሰው ሥዕሉን ገዛ ማለት ነው፡፡

ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ ይበልጥ አሳማኝ ነው፡፡ ስክሪን መሬት ነው፤ ኪራይ አለው፡፡ 40 በ40 ፒክስል የሚሆን ማዞሪያ በተቀመጠበት ቦታ፣ ለእጅ የሚመች ረጅም ተንሸራታች አይገባም፡፡ ሠላሳ መቆጣጠሪያ በአንድ ገጽ ላይ መደርደር ያለበት ሰው ክብ ቢመርጥ አይፈረድበትም፡፡

ቦታ ሳይቸግር ማዞሪያ የሚሠራው ግን ምን ይባላል? አፕል እ.ኤ.አ. በ1999 በክዊክታይም 4 ማጫወቻው ላይ ድምፅን የሚቆጣጠር፣ በአውራ ጣት የሚገፋ የሚመስል የመንኮራኩር ሥዕል አድርጎ ነበር፡፡ ማውስ አውራ ጣት የለውም፡፡ ትችቱ በረታ፤ በቀጣዩ ስሪት ተራው ተንሸራታች ተመለሰ፡፡ ተቃራኒውም ደርሷል፡፡ ሆንዳ ሲ አር ቪ ከተባለው መኪናው ላይ የድምፁን ማዞሪያ አንስቶ በስክሪን ተክቶት ነበር፤ ደንበኛ ሲያማርር በ2017 ሞዴል እውነተኛውን ማዞሪያ መለሰው፡፡

ወደ ወዳጄ ሒሳብ እንመለስ፡፡ ከመሐል እስከ ጠርዝ 20 ፒክስል የሆነ ማዞሪያ እንውሰድ፡፡ 270 ዲግሪ ቢዞር፣ በጠርዙ ላይ እጅ የሚጓዘው 94 ፒክስል ያህል ብቻ ነው፡፡ የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት፣ ከ1983 ጀምሮ የሚሠራበት ሚዲ የተባለው ደንብ ለአንድ መቆጣጠሪያ ከ0 እስከ 127፣ ማለትም 128 እርከኖች ይሰጣል፡፡ 94 ለ128 ሲካፈል ለአንድ እርከን አንድ ፒክስል እንኳ አይደርሰውም፡፡ ስለዚህ ተጠቃሚው 64ን ፈልጎ 63 ወይም 66 ላይ ያርፋል፡፡ ወደ መሐሉ ከተጠጋማ ይብሳል፤ እጅ ትንሽ ሲነቃነቅ ማዞሪያው ግማሽ ዙር ይሄዳል፡፡

መፍትሔው ቢሰሙት የሚያስቅ ነው፤ ማዞሪያውን አለማዞር፡፡ ተጠቃሚው ክቡን ይዞ ወደ ላይ ሲስብ ይጨምራል፣ ወደ ታች ሲስብ ይቀንሳል፤ ሥዕሉ ብቻ ይዞራል፡፡ ለሙሉው ጉዞ 200 ፒክስል ቢመደብ ለአንድ እርከን ከአንድ ፒክስል ተኩል በላይ ይደርሳል፡፡ ሺፍት ተጭኖ ሲስቡት ደግሞ በዝግታ እንዲሄድ ይደረጋል፡፡ ብዙዎቹ የሙዚቃ ሶፍትዌሮች ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ፤ ለእንግዳ ሰው ግን ማንም አይነግረውም፡፡ የወዳጄ ደንበኛ ራሱ መጀመሪያ ክቡን ዙሪያውን ሲያዞር ነበር፡፡

የድምፅ ነገር ሌላም ጣጣ አለበት፡፡ የሰው ጆሮ የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ነው ይባላል፡፡ ማዞሪያው ይህን እኩል እኩል ከከፈለው ግማሹ ዙር ከ10,000 በላይ ላለው ይባክናል፡፡ ጆሮ ግን የሚለካው በእጥፍ ነው፤ ከ100 ወደ 200 መሄድና ከ1,000 ወደ 2,000 መሄድ ለእሱ እኩል እርምጃ ነው፡፡ በዚህ አቆጣጠር የማዞሪያው አጋማሽ 632 ኸርዝ አካባቢ ላይ ይወድቃል፡፡ ወዳጄ ይህን ያወቀው ደንበኛው ወፍራሙ ድምፅ በሙሉ አንድ ጥግ ላይ ታጭቋል ብሎ ከጻፈለት በኋላ ነው፡፡

ከሁሉ ብዙ ቀን የበላው ግን ማውስ የማይጠቀመው ሰው ነው፡፡ በስልክ ላይ ጣት ማዞሪያውን ይሸፍነዋል፤ ወደ ላይ ሲስቡት ደግሞ ገጹ ራሱ ይንሸራተታል፡፡ ማየት የተሳነው ተጠቃሚ ስክሪን በሚያነብለት ሶፍትዌር ቢመጣ፣ ሥዕል ብቻ የሆነ ማዞሪያ ለእሱ የለም፡፡ የድረ ገጽ ደንቦችን የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ በ2023 ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ፣ በመጎተት የሚሠራ ነገር ያለ መጎተትም እንዲሠራ፣ የሚነካውም ነገር ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም ከ24 በ24 ፒክስል እንዳያንስ ይላል፡፡ ይህ መመሪያ በውሉ ውስጥ በአንድ መስመር ተጠቅሶ ነበር፡፡ ወዳጄ አላነበበውም ማለት ሳይሆን፣ አንብቦ ዋጋ አልሰጠውም፡፡

በድረ ገጽ ቋንቋ ውስጥ ማዞሪያ የሚባል ዝግጁ ዕቃ የለም፡፡ ሬንጅ የሚባል ተንሸራታች ግን አለ፤ ብራውዘሩ ራሱ የቀስት ቁልፎችን ይሰጠዋል፣ ዋጋውንም ጮክ ብሎ ለሚያነበው ሶፍትዌር ያስተላልፋል፡፡ ወዳጄ በመጨረሻ ያደረገው ይህንን ዕቃ ከሥዕሉ ሥር መደበቅ ነበር፡፡ ከጎኑ ቁጥር መጻፊያ ሳጥን ከመደመርና ከመቀነስ ምልክት ጋር አደረገ፤ ሁለት ጊዜ ሲጫኑትም ወደ መነሻው እንዲመለስ፡፡

ከሠላሳዎቹም አሥራ አንዱን ጨርሶ ሰረዛቸው፡፡ ሦስትና አራት ምርጫ ብቻ ያላቸው ነበሩ፤ ተራ ቁልፍ ይበቃቸዋል፡፡ ደንበኛው አልተቃወመም፡፡

ቀሪው ክፍያ ገባለት፡፡ ለሦስቱ ሳምንታት ሲካፈል ግን የቀን ሒሳቡ ለማውራት የሚያሳፍር ሆኖ፣ ስንት እንደሆነ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፡፡ አሁን በእጁ ባለው አዲስ ውል ላይ ማዞሪያ ለብቻው መስመር ተሰጥቶት፣ በነጠላ ዋጋ ተጽፏል፡፡