የሕፃን ሁለት ጆሮዎች

ማሽላ በሚያሸትበት ወቅት ከቆቦ ወጣ ያለ ሰው በየማማው ላይ ወንጭፍ የያዙ ልጆችን ያያል። ልጁ የወፉ መንጋ በየት በኩል እንደመጣ ገና ሳያየው ያውቃል። ይህን የቻለው በሁለት ጆሮ ስለሚሰማ ነው። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ለቀኙ ጆሮ ቀድሞና ጎልቶ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት አንድ ሺኛ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም፤ አንጎል ግን አቅጣጫውን ከዚህች ቅንጣት ይለያል።

ጽንስ በ6ኛው ወር ገደማ መስማት ይጀምራል። ሆኖም ድምፅ በውኃ ውስጥ ስለሚፈጥን በማሕፀን ሳለ ቀኝና ግራን እምብዛም አይለይም። ይህ ትምህርት የሚጀምረው ከተወለደ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ አራስ ሕፃን በቀኝ ጆሮው አዛን ይባልለታል። «ይህ ምን ይሰማል?» የሚል ካለ ተሳስቷል። ሙይርና ፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1979 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ የተወለዱ ጥቂት ቀናት የሆናቸው ሕፃናት ጭንቅላታቸውን በዝግታ ድምፅ ወደሰሙበት ጎን ያዞራሉ።

በ2ኛውና በ3ኛው ወር ይህ መዞር ይቀንሳል፤ እናት አትደንግጥ። በ4ኛው ወር ገደማ ፈጥኖና ተስተካክሎ ይመለሳል። ጭንቅላት ሲያድግ በጆሮዎቹ መካከል ያለው ርቀትም ስለሚሰፋ አንጎል ስሌቱን ደጋግሞ ያርማል።

እኛም በመምህርነታችን አንድ ጊዜ አጥፍተናል። በግራዋ በኩል ስንጠራት የማትመልስ ተማሪ ነበረችን፤ እልኸኛ መስላን ተቆጣናት። እናቷን ስንጠይቅ «ጡት ሳትጥል ግራ ጆሮዋ መግል ይፈሰው ነበር፤ ጥርስ እያወጣች ነው ብለን ተውነው» አሉን። ከፊት አስቀምጠን በቀኟ በኩል ስናስተምራት ግን መልሷ ከማንም አላነሰም።

ውድ ወላጆች! ልጃችሁ 6 ወር ሲሞላው በጭናችሁ አስቀምጡትና ሌላ ሰው ከኋላው፣ በቀኝም በግራም፣ ቀስ ብሎ ይጥራው። ደጋግሞ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚዞር ወይም ጨርሶ የማይዞር ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከጆሮው መግል ከወጣም እንዲሁ። ወተትም ዘይትም አታፍስሱበት፤ እንጨትም አትክተቱበት።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ነሕል ቁጥር 78 ላይ መስሚያን ከማያና ከልብ አስቀድሞ ጠቅሶታል። ልጅ አማና ነው፤ ሁለቱም ጆሮዎቹ የአማናው ክፍል ናቸው። ወላሁ አዕለም።