የሚታጠፍ ብርሃን፦ ስለ ሌዘር፣ ስለ መስታወት ክርና ስለ አንድ የውኃ ጠርሙስ

«ብርሃን በቀጥታ መሥመር ይጓዛል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በተማሪዎቻችን ደብተር ውስጥ ሰፍሮ ይገኛል። ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት ነው ባይባልም፣ በመሬት ውስጥ ተጠማዞ በተቀበረ የመስታወት ክር ድምፅና ሥዕል እንዴት እንደሚተላለፉ ለመረዳት አያበቃም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ክፍተት ለመምህራንና ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ማመልከት ነው።

ቴዎዶር ሜይማን እ.ኤ.አ. በ1960 የመጀመሪያውን ሌዘር በሩቢ ክሪስታል ሠራ። የሌዘር ብርሃን ከፋኖስ ብርሃን የሚለየው ቀለሙ አንድ በመሆኑና ሞገዶቹ እንደ ሰልፈኛ እርምጃቸውን አስተካክለው በመጓዛቸው ነው። በ1966 ደግሞ ቻርልስ ካኦ በመስታወት ውስጥ ብርሃንን የሚያጠፋው መስታወቱ ራሱ ሳይሆን በውስጡ ያለው ባዕድ ነገር መሆኑን አመለከተ፤ ለዚህም ሥራው በ2009 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

ብርሃን በጠራ ክር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከሮቤ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህን በሚያህል ክር ብርሃን የሚፈጅበት ጊዜ ከሰከንድ አንድ ሺኛ ሁለት እጅ ገደማ ብቻ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በፕላዝማ ይሰጥ የነበረው ትምህርት ግን 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ሳተላይት ይመጣ ስለነበር ሩብ ሰከንድ ያህል ይወስድ ነበር። (ትልቁ ችግሩ መዘግየቱ ሳይሆን ተማሪው «አልገባኝም» ሲል ለመቆም አለመቻሉ ነበር።)

የቅርቡ ምርምር ክሩን ወደ ቀለበት ለውጦታል። ስፋቱ ከጸጉር ውፍረት ብዙም በማይርቅ የመስታወት ቀለበት ጠርዝ ላይ ብርሃን በተደጋጋሚ ሲዞር ኃይሉ ይከማቻል፤ ከአንድ ሌዘርም እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ብዙ ቀለሞች ይገኛሉ። ይህ በ2007 በጀርመን አገር ታየ። በ2022 የዴንማርክና የስዊድን ተመራማሪዎች በአንድ ሌዘርና በአንድ ቺፕ በ7.9 ኪሎ ሜትር ክር በሰከንድ 1.84 ፔታቢት፣ ማለትም 1,840 ሚሊዮን ሚሊዮን ቢት፣ አስተላለፉ።

ክሩም ሆነ ቀለበቱ ብርሃኑን አፍኖ የሚይዘው በአንድ ሕግ ነው። ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲያመራ፣ ከወለሉ ቋሚ መሥመር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ49 ዲግሪ ገደማ ካለፈ አይወጣም፤ ሙሉ በሙሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ይህ ሙሉ ውስጣዊ ነጸብራቅ በመማሪያ መጽሐፋችን አለ። ይሁን እንጂ ቀመሩን በቃላቸው የሚያነበንቡ፣ ድርጊቱን ግን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ እጩ መምህራን በየዓመቱ ያጋጥሙኛል።

ዳንኤል ኮላዶን በ1841 በጄኔቭ ብርሃንን በሚወርድ የውኃ ጅረት ውስጥ መርቶ አሳይቷል። ያው ሙከራ ከጎባ እስከ ብድሬ ባለ ማናቸውም ትምህርት ቤት ሊሠራ ይችላል። የፕላስቲክ ጠርሙስ ጎኑን በምስማር መብሳት፣ ውኃ ሞልቶ አንድ ሁለት ጠብታ ወተት መጨመር፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ መጋረድ፤ ከዚያም በእጅ የሚያዝ አነስተኛ ሌዘር ከቀዳዳው ትይዩ ማብራት ነው። መሣሪያውን መምህሩ ብቻ ይያዝ፤ ከ1 ሚሊዋት የበለጠ ኃይል ያለው አይሁን፤ ጨረሩ፣ ከጠርሙሱ ተንጸባርቆ የሚመጣውም ጭምር፣ በማንም ዓይን እንዳያርፍ ይጠንቀቅ።

ብርሃኑ ከውኃው ጋር ጎብጦ ይወርዳል። ውኃው እያነሰ ሲሄድ ጅረቱ በኃይል ይታጠፍና ብርሃኑ ከጉብጠቱ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ተማሪው «ለምን አመለጠ?» ብሎ የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው፤ 49 ዲግሪ የሚለው ቁጥርም በሰሌዳው ላይ ያን ጊዜ ይጻፋል።