የመግቢያ ማሳሰቢያና የውስጥ ሕግ፦ በቆዩ ምናባዊ ጨዋታዎችና በቡዳ ተረት ውስጥ ያለው የዘር ፍረጃ አያያዝ

በቢቸናና በሞጣ ገበያ ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምጣድና ጋቢ ይሸጣል። ገበሬው ያለ ቀጥቃጩ አያርስም፤ እንጀራም ያለ ሸክላ ሠሪዋ ምጣድ አይጋገርም። ይሁን እንጂ በምሥራቅ ጎጃም፣ እንደ ብዙው የአማራ አካባቢ ሁሉ፣ እነዚህን ዕቃዎች የሚሠሩ ሰዎች «ቡዳ» እየተባሉ፣ በዓይናቸው ሰው እንደሚበሉና ሌሊት ወደ ጅብነት እንደሚለወጡ ሲተረትባቸው ኖሯል። ተረቱ ለሚሰማው ሕፃን አስፈሪም አስደሳችም ነው። ከሚሰሙት ሕፃናት መካከል ግን የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ልትኖር ትችላለች። እንዲህ ያለውን ቅርስ እንዴት መያዝ ይገባል? መሰረዝ፣ እንዳለ መተው ወይስ ማሻሻል?

ይኸው ጥያቄ በቅርብ ዓመታት በሌላ ዘርፍ፣ ማለትም በምናባዊ የገጸ ባሕርይ ጨዋታዎች ዘንድ ሰፊ ክርክር አስነሥቷል። የሁለቱ ንጽጽር አንድ ነጥብ ያጎላል፤ ይኸውም ፍረጃ የሚኖረው በቃላት ውስጥ ብቻ ሳይሆን ቃላቱ በሚደግፉት ሕግ ውስጥ መሆኑ ነው።

የጨዋታው ዓለም ልምድ

የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ጥቂት ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ምናባዊ ሰው ሚና ይዘው፣ በዳይስና በተጻፈ ሕግ እየተመሩ ታሪክ የሚፈጥሩበት ጨዋታ ነው። የዘርፉ ፈር ቀዳጅ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በጌሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የጭራቆች መጽሐፉ ለእያንዳንዱ ፍጡር ከጉልበቱና ከመከላከያው ጋር የግብረ ገብ ዝንባሌም መድቦለታል። ለምሳሌ «ኦርክ» የሚባለው ሕዝብ በጅምላ ክፉ ተብሎ ተመዝግቧል። በዚህ አሠራር ክፋት የአንድ ሰው ምርጫ መሆኑ ቀርቶ የትውልድ መለያ ይሆናል። ተጫዋቹ ኦርክን ሲገድል ምን አጠፋ ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ሕጉ አስቀድሞ ፈርዶለታል።

የጨዋታው ባለቤት የሆነው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ለትችቱ በሁለት መንገድ ምላሽ ሰጠ። የመጀመሪያው ማሳሰቢያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ኩባንያው በዲጂታል መልክ ለሚሸጣቸው የቆዩ መጻሕፍት፣ ይዘታቸው የዛሬ እሴቱን ላያንጸባርቅ እንደሚችል የሚገልጽ አጭር መግለጫ አያያዘ። የእስያን ልዩ ልዩ ባህሎች በአንድነት ቀላቅሎ በማቅረቡ የተተቸው የ1985ቱ «ኦሪየንታል አድቬንቸርስ» በዚያው ዓመት ዋና መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ማሳሰቢያው መጽሐፉን ከመሰረዝ አድኖታል። ሆኖም ለሁሉም መጻሕፍት አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ የትኛው ገጽ፣ ማንን፣ ለምን እንደሚጎዳ ለአንባቢው አይነግርም።

ሁለተኛው መንገድ ሕጉን መለወጥ ነበር። በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ተጨማሪ መጽሐፍ ተጫዋቾች የገጸ ባሕርያቸውን የችሎታ ጭማሪ ከዘሩ ነጥለው እንዲመድቡ ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው አዲሱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ደግሞ «ዘር» የሚለውን መጠሪያ አስቀርቶ፣ የችሎታ ጭማሪውን ከገጸ ባሕርዩ የቀደመ ሕይወትና ሙያ ጋር አያያዘው። ኦርክም ተጫዋች ሊመርጠው ከሚችላቸው ሕዝቦች አንዱ ሆነ። ምናቡ አልጠፋም፤ የጠፋው ከትውልድ ወደ ባሕርይ በቀጥታ ይሄድ የነበረው መስመር ነው።

የቡዳ ተረት እንደ ሕግ

የቡዳ እምነትም የተዋቀረው በተመሳሳይ መስመር ነው። ባለሙያው ቡዳ የሚባለው በሠራው በደል ሳይሆን በአጥንቱ ነው፤ ማረሻ መቀጥቀጡን ቢተው እንኳ ስሙ ልጁንና የልጅ ልጁን ይከተላል። ተረቱ ለዚህ ፍርድ «ማስረጃ» ያቀርብለታል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ማንስፊልድ ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1853 ባሳተመው የሐበሻ ጉዞ መጽሐፉ፣ ጆሮው ላይ ጉትቻ ስላለበት ጅብ የሚነገረውን ወሬ መዝግቧል። ጉትቻው በአውሬው ውስጥ የተሰወረውን ባለሙያ የሚያጋልጥ ምልክት ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ሮናልድ ሬሚኒክ ስለ አማራ የቡዳ እምነት ያቀረበው ጥናትም የመጀመሪያው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በታተመበት በ1974 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። የጥናቱ ቦታ ሸዋ ውስጥ መንዝ ቢሆንም፣ እምነቱ ከርስት አልባነት ጋር ያለውን ትስስር ማሳየቱ ለጎጃምም ጠቃሚ ነው።

በጎጃም ርስት ከአባትም ከእናትም በሚቆጠር ትውልድ የሚገኝ መብት ነበር። የቢቸናና የሞጣ አውራጃ ገበሬዎች በ1960 ዓ.ም. የታወጀውን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም መሣሪያ እስከ ማንሣት የደረሱበት አንዱ ምክንያት ርስታችንን ያሳጣናል የሚል ሥጋት ነበር። አብዛኞቹ ባለሙያዎች ግን ይህን ያህል የሚሞትለት ርስት አልነበራቸውም። ገበሬው የሚያርስበትን ብረት የሚሠራው ሰው የሚታረሰውን መሬት አይወርስም። ስለዚህ የጅቡ ተረት ማስፈራሪያ ብቻ አልነበረም፤ ማን ከማን ጋር እንደሚጋባ፣ ማን መሬት እንደሚቆጥር የሚወስነውን ሥርዓት በምናብ ያጸና ነበር።

አዋጅና ሕግ

የጨዋታው ዓለም ያያቸው ሁለት መንገዶች በኢትዮጵያ ታሪክም ይገኛሉ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሌላውን ሠራተኛ በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ ሠራተኛን መስደብ ንጉሡን እንደ መስደብ እንደሚቆጠርም አስታወቁ። አዋጁ ለዘመኑ ደፋር ነበር። ነገር ግን ስድቡን እንጂ የርስቱን ቆጠራ ስላልነካ፣ በአሮጌ መጽሐፍ መግቢያ ላይ እንደ ተለጠፈ ማሳሰቢያ ሆኖ ቀረ፤ የውስጡ ሕግ ባለበት ቀጠለ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በአንጻሩ ሕጉን ነካ። መሬትን የሕዝብ ሀብት አድርጎ፣ በግሉ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ የመጠቀም መብት እንዲያገኝ ሲደነግግ፣ መሬት የማግኘት መብት ከአጥንት ተለየ። አዋጁ ስለ ቡዳ የተናገረው ነገር የለም፤ ተረቱ ከቆመባቸው ምሰሶዎች አንዱን ግን ነቅሏል። የጋብቻው ምሰሶ ከአዋጅ ውጭ ስለሆነ አልተነካም። ተረቱ እስካሁን በሕይወት የመቆየቱ አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

ለአጥኚ፣ ለመምህርና ለፈጣሪ

ከዚህ ንጽጽር ሦስት የሥራ መርሆዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ በቃል የተሰበሰበ ተረት በቤተ መዛግብት ሳይቆረጥ መቀመጥ አለበት። የባለሙያውን ስም ማውጣት ተረቱን ንጹሕ አያደርገውም፤ በደሉ የተፈጸመበትን ማስረጃ ብቻ ያጠፋል። ሁለተኛ፣ አብሮት የሚቀመጠው ማሳሰቢያ ዝርዝር ይሁን። «ያለፈ ዘመን አመለካከት» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ተረቱ የትና መቼ ተነገረ፣ ማን ተናገረው፣ በማን ላይ ተነገረ፣ ምን ዓይነት መገለልን ደገፈ የሚለውን መግለጽ ያስፈልጋል። የቀጥቃጩና የሸክላ ሠሪዋ ቤተሰብ ስለራሳቸው የሚናገሩት ተረትም ከጎኑ ሊመዘገብ ይገባል። ሦስተኛ፣ ተረቱ በክፍል ውስጥ፣ በመድረክ ወይም በጨዋታ እንደገና ሲቀርብ ሕጉ ይለወጥ። ጅብ የሚሆነው ሰው በመወለዱ ሳይሆን በሥራው፣ ለምሳሌ የጎረቤቱን እህል በመስረቁ፣ ጅብ ይሁን።

«እንዲህ ከተለወጠ ተረቱ ተረት አይደለም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም ተረት ነጋሪ ሁልጊዜም እንደ አድማጩ ያሳጥራል፣ ይጨምራል፣ ይለውጣል፤ የቃል ጥበብ የሚኖረው በዚህ ነው። በተቃራኒው፣ መነሻውን ረስቶ መለወጥ የራሱ ችግር አለው። ኢሎና አንድሩስ በሚባል የብዕር ስም የሚታወቁት አሜሪካውያን ደራስያን ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተሟቸው ምናባዊ ልቦለዶች ወደ ጅብነት የሚለወጡ ጀግኖችን «ቡዳ» ብለው ሰይመዋል። በዚያ ቃሉ ስድብ አይደለም፤ ባለሙያው ግን ከታሪኩ ጠፍቷል። ቢቸና ወይም ሞጣ ተወልዶ በዚህ ስም የተገለለ ሰው እዚያ ውስጥ ራሱን አያገኝም።

የቆየ ፍረጃን መያዝ እንግዲህ በመሰረዝና በመተው መካከል የሚደረግ ምርጫ ብቻ አይደለም። አሮጌው ጽሑፍ እንዳለ ይጠበቅ፤ ማሳሰቢያው የተጎዳውን በስሙ ይጥራ፤ አዲሱ ተረት ግን ሰውን በአጥንቱ አይፍረድበት። በክፍል ውስጥ የተቀመጠችው የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ጅቡን ከጓደኞቿ እኩል ልትፈራው የምትችለው፣ ጅቡ እናቷ አለመሆኗን ተረቱ ራሱ ሲነግራት ነው።