የሕዝብ ሐሳብ በኢንተርኔት ሲጠየቅ መልሱ የማን ነው?

በዛሬው ዘመን የሕዝብን ሐሳብ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከቤት ወደ ቤት ሳይዞር ጥያቄውን በኢንተርኔት ለመላክ ይችላል። ይህ መሣሪያ አስቀድሞ የተሠራው ለነጋዴ ነበር፤ ሳሙና ሻጭ ገዢው የትኛውን መጠቅለያ እንደሚወድ ለማወቅ ይፈልጋልና። ጎግል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዲህ ያለውን የሸማቾች መጠይቅ አወጣ። ጋዜጣ በኢንተርኔት የሚያነብ ሰው ጽሑፉን ለመጨረስ ሲፈልግ በገንዘብ ፈንታ ጥቂት አጫጭር ጥያቄዎችን ይመልሳል፤ ዕድሜውንና ጾታውንም ኩባንያው ቀድሞ ከጐበኛቸው ገጾች ይገምታል። ዋጋው ቀላል፥ መልሱም ፈጣን ስለ ነበረ፥ የፖለቲካ ሳይንስ ሊቃውንት ለምርምራቸው ተጠቀሙበት። ኩባንያው በ2022 አገልግሎቱን ቢዘጋውም መሰሎቹ ዛሬም ይሠራሉ።

የምርምሩ ሥርዐት እንዲህ ነው። መላሾቹ እንደ ዕቁብ በዕጣ በሁለት ይከፈሉና፥ አንዱ ነገር ለአንደኛው ወገን በአንድ ቃል፥ ለሁለተኛው በሌላ ቃል ይቀርብለታል። ዕጣው ያለ አድልዎ ከወጣ ሁለቱ ወገኖች ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ በመልሳቸው የሚታየው ልዩነት ከቃሉ የመጣ ነው ለማለት ይቻላል። ኢንተርኔት ሳይታሰብ፥ ዶናልድ ራግ የተባለ አሜሪካዊ በ1941 ይህንኑ ገልጧል። ዴሞክራሲን የሚነቅፍ ንግግር በአደባባይ «ይከልከልን?» ተብለው ሐሳባቸውን ከሰጡት ከመቶው 54 «አዎን» ሲሉ፥ «ይፈቀድን?» ከተባሉት ግን ከመቶው 75 «አይፈቀድ» ብለዋል። ነገሩ ያው ሳለ «መከልከል» የሚለው ቃል ከበዳቸው። ደብዳቤ የሚያረቅ ሹም ይህን ሳይማር ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ ዕጣው መላሾችን በሁለት ይከፍላል እንጂ፥ መላሾቹን ራሳቸውን ከሕዝብ መካከል አይመርጥም። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ1936 ለ10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ወረቀት ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ቢያገኝም፥ ያሸንፋል ያለው ላንደን ተሸነፈ፤ ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አገኘ። ስማቸው የተወሰደው በብዛት ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ ብዙዎቹም ወረቀቱን አልመለሱም።

አሁን ወደ ጣና ዳር እንመለስ። በጣቁሳ ወረዳ በደልጊ ስለ እምቦጭ አረም ይጠየቅ እንበል። እምቦጭ በጣና ላይ መኖሩ ከታወቀበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሕዝቡ በዘመቻ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። ለግማሹ መላሽ «ሕዝቡ በጉልበቱ ይርዳን?»፥ ለግማሹ «ሕዝቡ ያለ ክፍያ ይሥራን?» ብንለው መልሱ እንደሚለያይ እንገምታለን፤ ልዩነቱንም መሣሪያው ይነግረናል። ለማስታወቂያ ቃል ለመምረጥ ይህ ይበቃል። ነገር ግን ጥያቄው በስልክ የሚደርሰው ለተማሪውና ለጸሐፊው ነው፤ ሐይቁ እንጀራው የሆነ ዓሣ አጥማጅ ግን ሳይጠየቅ «የደልጊ ሕዝብ እንዲህ አለ» ተብሎ ይጻፍበታል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት አንሥቶ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደ ነበረም አይዘነጋ፤ በዚያ ወራት በዚህ መንገድ የተላከ ጥያቄ ተማሪውንም አያገኘውም ነበር።

በአገራችን የተሻለው መንገድ አልታጣም። አፍሮባሮሜትር በ2013፥ በ2020ና በ2023 እ.ኤ.አ. 2,400 ያህል ሰዎችን ፊት ለፊት በማነጋገር ሐሳባቸውን ጠይቋል። የዓለም ባንክም በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ 3,249 ቤተ ሰቦችን በስልክ ሲጠይቅ፥ ቀደም ብሎ በአካል ከተጐበኙት መርጦ፥ ስልክ የሌላቸውን ጉድለት በስሌት ለማቃናት ሞክሯል። ጐዶሎው የቀረው ከሥሩ ነው፤ የመጨረሻው የሕዝብ ቈጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ናሙና የሚመርጥ ሁሉ የቆየ ዝርዝር ይዞ ይነሣል።

ስለዚህ ከኢንተርኔት መጠይቅ የተገኘ ሪፖርት ለሹም ሲቀርብ፥ ስንት ሰው መለሰ ከሚለው በፊት መላሾቹ በምን መንገድ እንደ ተገኙና ጥያቄው በምን ቃል እንደ ቀረበ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሊጻፍበት ይገባል። ይህ ካልተጻፈበት ሹሙ ሪፖርቱን ላዘጋጀው ክፍል ይመልሰው፤ ስለ ደልጊም የሚወሰን ነገር ካለ በባሕር ዳር በኩል በጀልባ ጠያቂ ይላክ።