ትልቁን ባቡር በትንሹ መሥራት

ድሬዳዋ የባቡር ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከቦታው ሲደርስ ከተማዋም ያን ጊዜ ተቆረቆረች። ጣቢያው፣ የባቡር መጠገኛው ወርክሾፕና ቀጥ ቀጥ ያሉት የከዚራ መንገዶች ከሐዲዱ ጋር የመጡ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ስለዚህ ባቡር እንነጋገራለን። የምንጀምረው ግን ከትልቁ ባቡር ሳይሆን ከትንሹ ነው።

ትንሹ ባቡር ምንድን ነው?

ልጆች ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና ሠርተው ሲነዱ ሁላችንም አይተናል። በብዙ አገሮች ደግሞ ትልልቅ ሰዎች የቀን ሥራቸውን ጨርሰው ቤት ሲገቡ ባቡር በትንሹ ይሠራሉ። ሐዲዱን፣ ድልድዩን፣ ጣቢያውንና ፉርጎውን እየለኩና እየቆረጡ በሳንቃ ላይ ይዘረጋሉ። ይህ አምሳያ መሥራት ይባላል። መርክሊን የተባለ የጀርመን ፋብሪካ የአሻንጉሊት ባቡር ከነሐዲዱ በተወሰነ ልክ ሠርቶ ለገበያ ያቀረበው በ1883 ዓ.ም. ነው። በእኛ አገር አፄ ምኒልክ ሐዲድ እንዲዘረጋ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1886 ዓ.ም. ነበር።

ታዲያ ዕድሜው የገፋ ሰው በአሻንጉሊት ምን ይሠራል? የሚል አይጠፋም። መልሱ እንዲህ ነው። በዓይን ማየት አንድ ነገር ነው፤ በእጅ ሠርቶ ማወቅ ሌላ ነው። በባቡር መቶ ጊዜ የተሳፈረ ሰው ፉርጎው ከሐዲዱ ለምን እንደማይወርድ ላያውቅ ይችላል። አንድ ትንሽ ፉርጎ የሠራ ሰው ግን ያውቃል። ፉርጎው ደጋግሞ ስለወደቀበት ያውቃል።

እስቲ አንድ ሰው የድሬዳዋን አሮጌ ባቡር በትንሹ ልሥራ ብሎ ቢነሣ ምን ያጋጥመዋል?

ልክ መምረጥ

ከሽቦውና ከቆርቆሮው በፊት ልክ ያስፈልገዋል። ሐዲዱን አሳንሶ ፉርጎውን ካሳነሰው በላይ ቢያተልቀው ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ልክ ይመርጣል።

የትልቁ ባቡር አንድ ሜትር በትንሹ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን እንበል። ትንሹ ከትልቁ 50 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። በአሮጌው መሥመር ላይ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነው። በትንሹ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 12 ሜትር የሚረዝም ፉርጎ 24 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ደግሞ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል።

ከጅቡቲ አዲስ አበባ ድረስ ያለው አሮጌ መሥመር 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በዚህ ልክ ሙሉውን እሠራለሁ የሚል ሰው ወደ 16 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሐዲድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አምሳያ ሠሪ ሁልጊዜ ይመርጣል። አንዱ ጣቢያውን ብቻ ይሠራል፤ ሌላው ድልድዩን፤ ሌላው ወርክሾፑን።

ዳገቱ

ሳንቃው ላይ ሐዲዱን ዘርግቶ ሲጨርስ ሰውየው ዳገት መሥራት ያምረዋል። አንድ ሜትር የሚረዝመውን ሳንቃ በአንድ ጫፍ በኩል 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያደርገዋል። ለዓይን ምንም አይመስልም። ትንሹ ባቡር ግን ፉርጎዎቹን መጎተት ያቅተዋል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ በቀላሉ ይንከባለላል። አንድ ጎታች ብዙ ፉርጎ የሚጎትተው ለዚህ ነው። ዳገት ላይ ግን ይኸው ቅለት ይጎዳዋል። መንኮራኩሩ ሐዲዱን ቆንጥጦ መያዝ ያቅተውና ባለበት ይሽከረከራል። በቅሎ በጭቃ ዳገት ላይ ስትወጣ እግሯ እንደሚያዳልጣት ማለት ነው። በ100 ሜትር ርቀት 3 ሜትር ከፍ ማለት ለመኪና ቀላል ነው፤ ለባቡር ግን ከባድ ዳገት ነው።

ድሬዳዋ ለምን ከተማ እንደሆነች ከዚህ ይገባናል። በመጀመሪያ የታሰበው ሐዲዱ በሐረር እንዲያልፍ ነበር። ሐረር ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ድሬዳዋ ያለችበት ሜዳ ወደ 1,200 ሜትር ነው። ባቡር ተራራውን ለመውጣት እየተጠማዘዘ ብዙ ርቀት መሄድ ነበረበት፤ ወጪውም ከባድ ነበር። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ በሜዳው በኩል አለፈ። ኩባንያው ገንዘብ ስላለቀበት ሥራው ለዓመታት ድሬዳዋ ላይ ቆመ። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራውን ቀጠለና ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ።

ጥምዙና ፍጥነቱ

አምሳያ ሠሪን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቸግረው የሐዲዱ ጥምዝ ነው። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ሐዲዱን አብዝቶ ያጥፈዋል። ያን ጊዜ ረጃጅሙ ፉርጎ ይወድቃል።

የባቡር መንኮራኩር በውስጥ በኩል ወጣ ያለ ጠርዝ አለው። በእጅ ለመሥራት ከእንጨት ትንሽ ክብ ቆርጦ በአንድ በኩል ሰፋ ያለ ክብ ቆርቆሮ መለጠፍ ይበቃል። ፉርጎው ወደ ጎን ሊወጣ ሲል ያ ጠርዝ ከሐዲዱ ጋር ተጋፍቶ ይመልሰዋል። ነገር ግን ጠርዙም ልክ አለው።

ይህን ለማየት ትንሹን ፉርጎ በክር አስሮ በጥምዙ ላይ ቀስ ብሎ መጎተት ነው። ይዞርና ይሄዳል። አሁን በፍጥነት ጎትቱት። ወደ ውጭ ተገልብጦ ይወድቃል። መኪና በፍጥነት ሲዞር ተሳፋሪው ወደ ጎን እንደሚገፋ ሁሉ ፉርጎውም ይገፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የባቡር መሐንዲሶች በጥምዝ ላይ የውጭውን ሐዲድ ከውስጡ ትንሽ ከፍ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። አምሳያ ሠሪውም ከውጭው ሐዲድ ሥር ስስ ካርቶን ያስገባል።

ይህ የጨዋታ ነገር አይደለም። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ መንገደኞች የጫነ ባቡር በጥምዝ ላይ ባለ ድልድይ ሲያልፍ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ባቡሩ በጥምዙ ላይ ፍጥነቱን አልቀነሰም ነበር። በትንሹ ሐዲድ ላይ የወደቀ ፉርጎ በእጅ ተነሥቶ ይመለሳል። በትልቁ ላይ ግን መመለስ የለም።

ሙቀት፣ ምስጥና አቧራ

የድሬዳዋ ፀሐይ ብርቱ ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 10 ሜትር የሚሆን ሐዲድ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ቢጨምር ወደ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሐዲዶቹ ጫፍ ለጫፍ ተጣብቀው ቢሠሩ መሄጃ አጥተው ይጎብጣሉ። ስለዚህ በአሮጌው መሥመር በየመጋጠሚያው ክፍተት ይተዋል። ባቡር ሲሄድ ይሰማ የነበረው «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ መንኮራኩሩ ያን ክፍተት ሲሻገር ነው። አምሳያ ሠሪውም ሳንቃውን ከፀሐይ አውጥቶ ጥላ ውስጥ ያኖራል፤ በየመጋጠሚያውም ወረቀት የሚያስገባ ያህል ክፍተት ይተዋል።

በአሮጌው መሥመር ከሐዲዱ ሥር በአግድም የተነጠፉት ብረቶች ናቸው። እንጨት ቢሆን ምስጥ ይበላዋል። አርሶ አደር ይህን ያውቀዋል፤ የጎተራውንና የቤቱን ምሰሶ የበላው ያው ምስጥ ነው።

የመጨረሻው ጠላት አቧራ ነው። አንዳንዱ ትንሽ ባቡር በባትሪ ኃይል የሚሄድ ሲሆን፣ ኤሌክትሪኩ በሐዲዱ በኩል ያልፋል። አቧራ ካለበት ኃይሉ ይቋረጥና ባቡሩ ይቆማል። መፍትሔው ሐዲዱን በደረቅ ጨርቅ ሁልጊዜ መጥረግ ነው። ከቤት የመብራት መሥመር ጋር ግን በቀጥታ ማገናኘት ሰው ስለሚገድል ፈጽሞ አይሞከርም።

አምሳያ በወርክሾፕ ውስጥ

አምሳያ መሥራት የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የሚመስለው ካለ የብረት ማቅለጫ ቤት ገብቶ ይይ። የባቡር ዕቃ ሲሰበርና ከውጭ አገር የማይመጣ ሲሆን ሠራተኞቹ መጀመሪያ የተሰበረውን ይለካሉ። ከዚያ መልኩን ከእንጨት ይቀርጻሉ። ይህ የእንጨት መልክ ፎርማ ይባላል። ፎርማውን በአሸዋ ውስጥ ተጭነው ያወጡትና በተተወው ጎድጓዳ ውስጥ የቀለጠ ብረት ያፈሱበታል። ሲበርድ በቶርኖ አስተካክለው ይጨርሱታል።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። የቀለጠ ብረት ሲበርድ ይኮማተራል። ስለዚህ ፎርማውን የሚቀርጸው ሠራተኛ በእያንዳንዱ ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አስረዝሞ ይቀርጻል። ይህን ያልጨመረ ሰው ዕቃው ሲያልቅ አጥሮ ያገኘዋል።

የድሬዳዋ ወርክሾፕ ይህን የመሰለ ሙያ የሞላበት ቤት ነበር። በመጀመሪያ በእንፋሎት የሚሄዱትን፣ ኋላም ከ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በናፍጣ የሚሠሩትን ጎታቾች፣ እንዲሁም ሊቶሪና የተባሉትን የፊያት ባቡሮች የጠገኑት የእነዚህ ሠራተኞች እጆች ናቸው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት መሥመሩ ተቋርጦ ነበር። ከዚያም በኋላ ባቡሩ ተነሥቶ ሄደ።

አሮጌውና አዲሱ

ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው የአሮጌው መሥመር አገልግሎት በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚደርሰው አዲስ መሥመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። አዲሱ በኤሌክትሪክ ይሠራል። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ከ43 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው።

አንዳንድ ሰው «አሮጌዎቹን ፉርጎዎች በአዲሱ ሐዲድ ላይ ለምን አይነዱአቸውም?» ይላል። በትንሹ ልክ ያየ ሰው መልሱ አይጠፋውም። ለ2 ሴንቲ ሜትር የተሠራ ፉርጎ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር በሚጠጋ ሐዲድ ላይ ቢያኖሩት በመካከል ይወድቃል። ትልቁም እንደዚያው ነው።

ምን ይሻላል?

በአምሳያ ሠሪዎች መካከል አንድ ክርክር አለ። አንዱ፣ «እያንዳንዱ ብሎን እንኳ በልኩ መሠራት አለበት» ይላል። ሌላው፣ «ከሄደ ይበቃል፤ ብሎኑን ማን ያየዋል?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ለልጆች መጫወቻ መሄዱ ይበቃል። የድሬዳዋን አሮጌ ባቡር ለሚሠራ ሰው ግን የመጀመሪያው ይሻላል። ምክንያቱን እንናገር።

በወርክሾፑ የሠሩት ባለሙያዎች እያረጁ ነው። ሐዲዱ ምን ያህል ክፍተት እንደሚተውለት፣ ፎርማው ምን ያህል እንደሚጨመርለት፣ የትኛው ድምፅ የትኛውን ሕመም እንደሚያመለክት የሚያውቁት በእጃቸውና በጆሯቸው ነው። ሙያ በልብ ነው እንላለን። ነገር ግን በልብ ብቻ ያለ ሙያ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። አንድ ወጣት ሜትርና እርሳስ ይዞ ከአንድ ሽማግሌ ባለሙያ ዘንድ ቢሄድ፣ ፉርጎውን ቢለካ፣ የተነገረውን ቢጽፍ፣ በልኩም አንድ ትንሽ ፉርጎ ቢሠራ፣ ያ ዕውቀት ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል።

ይህ ለባቡር ብቻ አይደለም። ሞፈር፣ ቀንበርና ድግር ልክ አላቸው። ቀንበሩ ለየትኛው በሬ ምን ያህል ይረዝማል? ድግሩ ምን ያህል ቢዘነብል አፈሩን በደንብ ወደ ጎን ይገፋል? አባት ለልጁ በእጅ ያሳየው ይህ ሁሉ በየትኛውም መጽሐፍ ላይ ላይገኝ ይችላል። እናንተ ግን አሁን ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። ለክታችሁ ጻፉት።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ሐዲዱ በሐረር ያላለፈው ለምንድን ነው?
2. በጥምዝ ላይ የውጭው ሐዲድ ከፍ የሚለው ለምንድን ነው?
3. አንድ ሜትር በ2 ሴንቲ ሜትር ቢለካ፣ 20 ሜትር የሚረዝም ድልድይ በትንሹ ስንት ሴንቲ ሜትር ይሆናል?
4. በቀበሌያችሁ በልብ ብቻ የሚታወቅ፣ ገና ያልተጻፈ ሙያ የትኛው ነው? ማንን ጠይቃችሁ ልትጽፉት ትችላላችሁ?